ያረረ ቆሽት

ሰው ቢበሽቅ፣ ቢናደድ፣ «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤
የእኔ ቆሽት እንደሁ ሳልናደድ አርሮ አልቋል፣
በዘጠኝ ዓመቴ፣ በትምህርት መክፈቻ፣
ሥራዬ ውኃ መጠጣት፣ መሽናት ሆኖ ብቻ።

ዛሬ አሥራ አምስት ሞላኝ። ኬሚ ነው ሀገሬ፣
ፊንላንድ፣ ባሕሩ ጠጥሮ የምሄድበት በእግሬ።

ማለዳ ሳልነሣ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ ገና፣
ክንዴ ላይ ያለችው ሴንሰር አትተኛምና
ቁጥሬን ትሰጠኛለች፦ ዘጠኝ ነጥብ አራት።
ገንፎው ስንት ግራም ነው? እንጆሪው ስንት አለበት?
ስንት ዩኒት ይበቃዋል? ገና ሳልቀምስ ቁጥር፤
የሒሳብ አስተማሪዬ ግን አምስት ሰጠኝ ከአሥር።

አንዴ እንደጎረስኩ ስልኬ ይጮኻል። እናቴ ናት፣
ከወረቀት ፋብሪካ፣ ፈረቃዋ ሊያልቅ ሲል፣ በንጋት።
ቁጥሬ እሷም ስልክ ላይ አለ፦
«አሥራ አንድ ገባሽ እኮ። ምን በላሽ? ተወጋሽ?»
ያን ጊዜ ነው እንግዲህ፣ የሌለኝ ቆሽት ራሱ
እንደገና የሚያርረው፣ የሚታየኝ ጢሱ።

አክስቴ «ደመ መራራ» ትለኛለች፣ ስስማት ስለማልስቅላት፤
ደሜስ ጣፋጭ ነበረ፣ ከልኩ በላይ፣ ማን በነገራት።

መዋሸትም አውቃለሁ። ጥቅምትን ሙሉ፣ በምሳ ሰዓት፣
«ተወግቻለሁ» እያልኩ ጻፍኩ፣ መርፌው ሳይወጣ ከቦርሳዬ ኪስ።
ነርስ ማርኬታ ሥዕሉን ወደ እኔ አዞረችው፤
ተራራ፣ ከተራራ በላይ ተራራ፣ ሁሉም በስድስት ሰዓት የሚነሣ።
«ለምን?» አላለችኝም። «ምኑ ነው የሰለቸሽ?» አለች።
«ሁሉም።»
«እሺ፤ አንዱን ጥቀሺ።»
«ሽንት ቤት ቆሜ መወጋት» አልኳት።
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ምንም አልጻፈችም።
ከዚያ ወዲህ ከኢልታ ጎን ተቀምጬ፣ ሸሚዜን ገለጥ አድርጌ
እወጋለሁ። አንድ ልጅ አፍጥጦ ያያል። ይይ። ድንቹን በላሁ።

ባለፈው ዓርብ ማታ ግን ማጋሪያውን ዘጋሁት።
እናቴ ሥራ ገብታለች፤ ቁጥሬን ለራሴ ተውኩት።
ከኢልታ ጋር ወጣን፣ ወደ ባሕሩ፣ በመንሸራተቻ ጫማ፤
ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት፣ ድቅድቅ ያለ ጨለማ።
ኢንሱሊኔን በብብቴ፣ እንደ ጫጩት አቅፌ፤
በረዶ ከሆነ ወዲያ አይረባም ለመርፌ።

ግማሽ መንገድ ስንደርስ ስልኬ ሞተ፣ ብርድ ገደለው።
ኢልታ በሆነ ነገር ሳቀች፤
ያለ ምክንያት ጠላኋት፣
ከልቤ፣ እስከ ጥርሷ ድረስ።
ያኔ ገባኝ። ስወርድ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ያስጠላኛል፣
ከዚያ ከንፈሬ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ጉልበቴ የሌላ ሰው ይሆናል።

ቁጥር የለ። ጩኸት የለ። «ምን በላሽ?» የሚል የለ።
ኪሴ ውስጥ ጭማቂው ድንጋይ ሆኗል፣ ገለባው አልገባ አለ።
ጓንቴ ውስጥ አራት የግሉኮስ እንክብል፤ አራቱንም አኘክሁ፣
በረዶው ላይ ቁጭ አልኩ።
«አሥራ አምስት ደቂቃ ቁጠሪልኝ» አልኳት።
ኢልታ ሰዓቷን ታያለች፤ እኔ የፋብሪካውን ጢስ፣
ማዶ፣ ነፋስ የለምና ቀጥ ብሎ ሲወጣ።
እናቴ ከሥሩ ናት። አሁን ስልኳን ታያለች፤ ባዶ።
በየደቂቃው ታያለች።
ስትወልደኝ ያልቆጠረችውን እዚህ ቆጠርኩላት።

ቤት ገብቼ ስልኬን ሰካሁ። ስድስት ነጥብ ሁለት።
«ወርጄ ነበር፤ ራሴ ደረስኩበት። ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።
ሦስቷ ነጥብ በራች። ጠፋች። በራች። ጠፋች።
ኋላ «እሺ» ብላ ላከች።

ማጋሪያውን አልከፈትኩትም። ነገ፣ እንጃ።
ጭማቂው ማሞቂያው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
የሌሊቱን መርፌ አወጣሁ፤ አሥራ ስምንት ነበር ልኬ፣
ስንሸራተት ስላመሸሁ ሁለት ቀነስኩ፣ ማንም ሳይነግረኝ፤
በግራ ጭኔ።
ትናንት በቀኝ ነበር።